አንድ ዓይን ያለው ቆርኬ

ከልደታ

ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ በአንድ ሰኞ ማለዳ ከልደታ ተነሣሁ። የጉዞዬ ምክንያት ዓይን ነበር። ለአንባቢ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ነገሩ ግን ይኸው ነው። ከሻሸመኔ ወዲያ ባለ አንድ የተከለለ ሜዳ ዙሪያ የዱር አራዊት ጥበቃ ሰዎች የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ተክለዋል። በየሰሌዳው ላይ ቆርኬ ተሥሏል። ቆርኬ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ፊቱ የረዘመ፣ ቀንዱ ወደ ጎን ወጥቶ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ትልቅ የሜዳ አውሬ ነው። ይህ የእኛው ዘር በሌላ አገር የለም፤ እኛም ጋ የቀረው በጥቂት ሜዳዎች ብቻ ነው። አንድ ያልታወቀ ሰው ታዲያ እየዞረ የሰሌዳዎቹን ቆርኬዎች ዓይን ይበሳል። ሌላውን አይነካም። ጽሑፉ እንዳለ፣ ቀንዱም እንዳለ፣ ላሜራውም እንዳለ፤ ዓይኑ ብቻ የለም።

እኔ አብነት መንገድ ላይ ጠባብ ሱቅ ያለችኝ የማስታወቂያ ሠዓሊ ነኝ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ ቀለም እየበጠበጥኩላቸው፣ የመላእክትን ክንፍ እየሞላሁላቸው ነው ያደግኩት። ዘመኑ ሲለወጥ የመላእክት ሥራ ቀዘቀዘ፣ የመፈክር ሥራ ሞቀ። እንጀራ ነውና በቀይ ጨርቅ ላይ ነጭ ፊደል ስጽፍ እውላለሁ።

የላከኝ የጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የሥራውን ናሙና ሲሰጠኝ አንድ ፎቶግራፍ አወጣ። ወደ ጎን የቆመ ቆርኬ ነው። «ልክ እንደዚህ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ። «በሚቀጥለው ሳምንት የአውራጃው የፓርቲ ተጠሪ ሜዳውን ይጎበኛሉ። ሰሌዳዎቹ እንደ ተበሱ ካገኟቸው ጠባቂያችን በአሻጥር መጠየቁ አይቀርም።» በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለውን ቃል ሰው ጮክ ብሎ አይናገረውም። በዚያ ቃል የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም፤ መውጣቱንም እርግጠኛ የሚሆን የለም።

ባለቤቴ ብርቄ በሶና ድርቆሽ ስትቋጥርልኝ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። «እንዲያው የአውሬ ዓይን ልትኩል ነው አበል የሚከፍሉህ?» አለችኝ። ከቀበሌ ያወጣሁትን የይለፍ ወረቀት ደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ የቀለም ቆርቆሮዎቼንና ቀለም ማቅጠኛውን አኳራጅ በጆንያ ጠቅልዬ፣ መኮንን የሚባለው የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ላንድሮቨሩን ይዞ እስኪመጣ የልደታ ማርያምን አጥር ተደግፌ ቆምኩ።

እስከ ሐይቆቹ

ቃሊቲ ኬላ ላይ አንድ ወጣት ወታደር ጆንያዬን አስፈታኝ። «ይህ ምንድነው?» «ቀለም ነው።» አላመነኝም፤ ክዳኑን በሳንጃ ፈልቅቆ ጣቱን ነከረ። ነጭ ዘይት ቀለም በውኃ እንደማይለቅ ስነግረው ጣቱን እያየ ቀረ። መኮንን እስከ ደብረ ዘይት ድረስ ብቻውን ሲስቅ ሄደ። እኔ ግን በነጩ ቀለሜ መጉደል ተናድጄ ነበር፤ ነጭ ቀለም በኮታ የሚገኝበት ጊዜ ነው።

ሞጆ ላይ ነዳጅ በኩፖን ቀዳን፤ ሰልፉ ግማሽ ጠዋታችንን በላው። ከሞጆ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ አየሩ ይሞቃል፣ ምድሩ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ግራሩ ይጀምራል። ዝዋይ ደርሰን አሳ ጥብስ በላን፤ በብር ከሃምሳ ሳህኑን የሚሸፍን አሳ ይሰጣሉ። ከሐይቁ ዳር አባ ኮዳ የሚባሉት ግዙፍ ወፎች የአሳ ሆድ ዕቃ እስኪጣልላቸው አንገታቸውን ሰብረው ቆመዋል። አንዱ እኔ ያለሁበት ጠረጴዛ ድረስ መጥቶ፣ ምግቤን ሳይሆን ፊቴን ሲመለከት ቆየ። አልወደድኩትም።

ከዝዋይ እስከ ላንጋኖ መንገዱ ግራና ቀኝ የከሰል ጆንያ ተደርድሮበታል። ከጆንያዎቹ ጀርባ ትናንት ግራር የነበረው ዛሬ ጉቶ ነው።

«ይኸውልህ» አለ መኮንን፣ በአገጩ እያሳየኝ። «ጫካውን ከሰል አድርገን ለእናንተ ልደታ ድረስ እናመጣለን። እናንተ ደግሞ ጫካውን አትንኩ የሚል ሰሌዳ ሥላችሁ ትልኩልናላችሁ።»

መልስ ስፈልግ ሻሸመኔ ደረስን።

የሚያፏጨው ሰሌዳ

ከሻሸመኔ በምዕራብ በኩል ኮረኮንች ነው። አንድ ጎማችን ተነፈሰ፤ ተጠባባቂው ራሱ የተለጠፈ ስለነበር መኮንን እኔን አድርሶ ጎሚስታ ፍለጋ ወደ ሻሸመኔ ሊመለስ፣ ሥራዬ ሲያልቅም ሊመጣልኝ ተስማማን። ወደ ሜዳው ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ ዕቃዬን ሲያወርድ ፉጨት ሰማሁ። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንድ ጊዜ ከፍ አንድ ጊዜ ዝቅ የሚል ፉጨት ነው። ሰው መስሎኝ ዞርኩ። ሰው የለም። ሣር ነው፣ ኩይሳ ነው፣ ሰማይ ነው።

«ሰሌዳው ነው» አለ መኮንን፤ ቶሎ ቶሎ እያወረደ። «ነፋስ ሲነሣ በዓይኑ ያፏጫል።»

ጠጋ ብዬ አየሁት። ቆርኬው ወደ ጎን ቆሟል። ዓይኑ ባለበት ቦታ ላሜራው በምስማር ተበስቶ፣ ቀዳዳው ሰፍቶ፣ በውስጡ የምሽቱ ቀይ ሰማይ ይታያል። ሥሩ «ቆርኬን መግደል በሕግ ያስቀጣል» ይላል። ሥራው መጥፎ አልነበረም፤ ከእኔ በፊት የሠራው ሠዓሊ ፎቶግራፉን በደንብ ተከትሎታል። ያን ቀይ ቀዳዳ ግን ብዙ ላየው አልቻልኩም።

ጠባቂው አቶ ገመዳ ከቆርቆሮ ጎጆው ወጥቶ ተቀበለኝ። ረጅም፣ ካኪ ካፖርቱ ከትከሻው የሚወድቅ፣ ፂሙ የሸበተ የዚያው አገር ሰው ነው። ትከሻው ላይ አሮጌ ዲሞትፎር ጠመንጃ አለ፤ ጥይት አልተሰጠውም። ከዚያ ሜዳ ወዲህም ወዲያም የሚጠብቁት እሱና በሌላው ጫፍ ያለ አንድ ባልደረባው ብቻ ናቸው። ወተትና የበቆሎ ቂጣ አቀረበልኝና እስክበላ ጠብቆ ጉዳዩን ነገረኝ።

«እኔ እጄን አውቀዋለሁ፤ አልበሳሁም» አለኝ። «ግን ማን እንደበሳው ካልተናገርኩ፣ የበሳሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ብለውኛል።»

«ጋሽ ገመዳ፣ የሚጠረጥሩት ሰው የለም?»

«ማንን ልጠርጥር? ከብት የሚያግድ አለ፣ ሣር የሚያጭድ አለ፣ ሰፋሪ አለ። ሁሉም ሜዳው ላይ ነው። ግን ሌባ ዓይን ምን ያደርግለታል?»

ትንንሾቹ ክምሮች

በማግሥቱ ከገመዳ ጋር ቀዳዳዎቹን ከኋላ በላሜራ ቁራጭ እየደፈንን፣ ላዩን እየፋቅን፣ እኔ ዓይን መሥራት ጀመርኩ። አልደብቅም፤ በዚያ ዓይን ኮርቼ ነበር። ጥቁሩን ከሠራሁ በኋላ አንዲት ነጭ ነጥብ ጣል ሳደርግበት ቆርኬው ነፍስ ይዘራል። ገመዳ ራሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

እውነተኞቹን ያየሁት በዚያው ጠዋት ነው። ጉም ሲገለጥ በየኩይሳው ላይ አንድ አንድ ቆርኬ ቆሟል። አይግጡም፣ አይንቀሳቀሱም፣ ድምፅ የላቸውም። እያንዳንዱ ኩይሳው ላይ ወጥቶ ያንን የረዘመ ፊቱን ወደ እኛ አዙሯል። ዘብ መቆማቸው ነው አለኝ ገመዳ፤ መንጋው ከኋላቸው ሣር ውስጥ ተኝቷል። እኔ የከተማ ሰው ነኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ታይቼ አላውቅም። ብሩሼን ባነሣሁ ቁጥር ራሳቸውን ቀና ያደርጋሉ።

ሜዳውን አቋርጠን ወደ ሦስተኛው ሰሌዳ ስንሄድ ሣሩ መሐል የድንጋይ ክምሮች አየሁ። ትንንሽ ናቸው፤ በላያቸው እሾህ ተጭኗል። እግሬ ቆመ። መጠናቸው የሕፃን መቃብር ነው።

«የሰፋሪዎቹ ልጆች ናቸው?» አልኩት።

ገመዳ ራሱን ነቀነቀ። «እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። አንዱን ጅብ ቆፈረው፤ ሄጄ አየሁ። የቆርኬ ጥጃ ነው። በጦር የተወጋ። ሥጋው አልተነካም፣ ቆዳው አልተገፈፈም። ወግተው እንደ ሰው ቀበሩት፣ እንዳይነሣ ድንጋይና እሾህ ጫኑበት።» ወዲያ ወዲህ ተመለከተ። «የሚበላ ሰው ቢገድል ይገባኛል። ይህ ግን አልገባኝም። የዘንድሮ ጥጆች እያለቁብኝ ነው። ጥጃ ካላደገ መንጋው ስንት ዓመት ይቆያል ብለህ ነው?»

ክምሮቹን ላለመርገጥ ዞር ብዬ ተከተልኩት።

በሜዳው ምሥራቅ ጫፍ የሰፋሪዎቹ ጎጆዎች በቀጥታ መስመር ተደርድረዋል። ድርቁ ከሰሜን ያፈናቀላቸው ሰዎች ናቸው፤ በጭነት መኪና አምጥተው ያሰፈሯቸው ቆርኬዎቹ ይወልዱበት በነበረው ሣር ላይ ነው። ገመዳ ስለነሱ ሲናገር አልተቆጣም። «እነሱም አልመረጡትም» አለ። «አምጥተው አራገፏቸው። መሬቱ የማን እንደሆነ የነገራቸው የለም፤ ለቆርኬውም የነገረው የለም።»

ጠዋት፣ ጉም ሳይገለጥ

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ከጎጆው ወጥቼ ፊቴን ስታጠብ ያ ፉጨት መጣ። ትናንት የደፈንኩት፣ ነፍስ ዘራ ያልኩት ሰሌዳ ነው የሚያፏጨው። ጉሙ ሩቅ አያሳይም። በድምፁ እየተመራሁ ስሄድ ከሌላው ሰሌዳ በኩል ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ ድንጋይ ብረት ሲመታ፣ ቀስ እያለ፣ እያረፈ። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። በቅርብ ኩይሳዎች ላይ ያሉት ዘበኛ ቆርኬዎች በጉሙ ውስጥ እንደ ጥላ ቆመዋል፤ እነሱም የሚሰሙ ይመስላሉ።

ጠጋ ስል ሴት ናት። ነጠላዋ የተቀዳደደ፣ ጀርባዋ ላይ ልጅ ያዘለች፣ በአንድ እጇ ምስማር በሌላው ድንጋይ የያዘች። ስታየኝ አልሮጠችም። ምስማሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«ምን ማድረግሽ ነው እህቴ?»

«እዪኝ እያለ ነው፤ አላይህም አልኩት» አለች። የወሎ አነጋገር ነው። «በዚህ ነው ውኃ የምወርድ። ስሄድም ያየኛል፣ ስመለስም ያየኛል። እኔንስ ይየኝ፤ ልጄን ነው የሚያይ።»

«ሥዕል ነው እኮ።»

«ሥዕል መሆኑን መች አጣሁት! አንተ ክርስቲያን አይደለህም? በደብራችን ግድግዳ ላይ አንድ ዓይን ያለው ማን ነው? ይሁዳ አይደለም? ሰይጣን አይደለም? ጻድቅ ፊቱን ይሰጥሃል፣ ሁለት ዓይን አለው። ዘወር ብሎ በአንድ ዓይን የሚያይ የማን ወገን ነው?»

አባቴ ያስተማሩኝ የመጀመሪያው ነገር እኮ ይህ ነው። ቅዱሳንን ፊት ለፊት ከነሁለት ዓይናቸው፣ ኃጥአንን በጎን ባንድ ዓይን። ይህን ሳላውቅ መላእክት ላይ ብሩሽ እንዳላሳርፍ ተከልክዬ ነበር። ከልደታ እስከዚህ ያንን ፎቶግራፍ ይዤ ስመጣ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። የሠራሁት አውሬ ነው፣ ያውም ለመንግሥት፤ ያ ሕግ እዚህ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም።

ለመከራከር ሞከርኩ። «የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስስ? እሱም በጎን ነው የሚሣል።»

«ፈረሱማ ጌታ አለው፤ ቅዱሱ ተቀምጦበታል» አለች ወዲያው። «በዚህ ላይ ማን ተቀመጠበት?»

ስሟ እታገኝ ነው። ሦስት ልጆች መንገድ ላይ ቀብራ፣ ይህችን የታዘለችውን ብቻ ይዛ እዚህ ደርሳለች። ከሰፋሪው ፊደል የቆጠረ የለም ማለት ይቻላል፤ በሰሌዳው ላይ ያዩት ሥዕሉን ነው። ቀጥላ የተናገረችው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«እኛ እንግዳ ነን፤ ያገሩን አውሬ አናውቅም። መንግሥት ራሱ በየመንገዱ ምልክት ተክሎ ነገረን፤ ይህ የሰይጣን ከብት ነው፣ ተጠንቀቁ ብሎ። ጎልማሶቹ ጥጃውን ሲያገኙ ይወጉታል። ሥጋውንማ ማን ይነካዋል! ድንጋይ ጭነን እንቀብረዋለን።»

ልጅቷ ከጀርባዋ አንገቷን አውጥታ አየችኝ። ጤነኛ ልጅ ናት፣ ጉንጯ ሞላ ያለ። እናቲቱ በየጠዋቱ በጉም ውስጥ ምስማር ይዛ የምትወጣው ይህን ጉንጭ ብላ ነው። ለገመዳ ካልነገርኩ እሱ ይታሰራል፤ ለተጠሪው ከነገርኩ አሻጥረኛዋ እሷ ትሆናለች።

«ፊቱን ወደ አንቺ ቢያዞርስ?» አልኳት። «ሁለት ዓይን ቢኖረው?»

ሰሌዳውን አየች፣ ከዚያ በጉሙ ውስጥ የቆሙትን አየች።

«ሁለት ዓይን ካለውማ» አለች፣ «እንደኛው የተፈጠረ ነው።»

ፊት ለፊት

ለገመዳ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመና ክምሮቹ ወዳሉበት ዞሮ ፊቱን በካፖርቱ ጠረገ። «ጥጆቼን በሰሌዳ ገደልናቸው?» አለ።

ፎቶግራፉን ኪሴ ውስጥ አጥፌ ከተትኩ። ቆርኬን ፊት ለፊት መሣል ቀላል አይደለም፤ ፊቱ ረጅም ነው፣ ዓይኖቹም ወደ ዳር የሸሹ ናቸው። እንደ አባቴ አደረግኩ፤ ዓይኖቹን ወደ መሐል አቀረብኳቸው፣ አሰፋኋቸው፣ ቅንድብ የሚመስል ጥላ ሰጠኋቸው። ነጩ ቀለሜ ሊያልቅ ሲል በአኳራጅ አቀጠንኩት፤ እርጥበቱም ስለበዛ ለመድረቅ አስቸገረ። ሰሌዳ በሰሌዳ ስንዞር ሰነበትን። ሰፋሪዎቹ ወደ ኅብረት እርሻው ሲሄዱ ቆም እያሉ ያያሉ። ጦር የያዘ አንድ ጎልማሳ ከሥዕሉ ፊት ብዙ ቆሞ ጦሩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። አንዲት አሮጊት እንደ ሥዕል ቤት እጅ ነስታ አለፈች፤ እኔም እንዳላየ ሆንኩ። በነዚያ ጠዋቶች ፉጨት አልተሰማም። ገመዳ ዝምታውን እየሰማ ቂጣውን ሲቆርስ ሳየው ደስ አለኝ።

ተጠሪው

ተጠሪው በሚመጡበት ቀን ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ አደረ። ጠዋት ላይ ከወንዙ በኩል የክላሽ ተኩስ ሰማን፤ ሦስት፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ አንድ። መንጋው በፊታችን አለፈ። የሚያስፈራው ነገር በዝምታ መሮጣቸው ነው፤ ሰኮናቸው እርጥቡን መሬት ሲመታ ብቻ ይሰማል። ገመዳ ጥይት የሌለውን ጠመንጃውን ይዞ ቆመ።

ጥቂት ቆይቶ የተጠሪው መኪና ደረሰች። ኋላዋ ሸራ ለብሷል፤ ከሸራው ሥር ቀይ ነገር እየተንጠባጠበ ነው። ተጠሪው አጭር፣ ቦርጫም፣ ካኪያቸው የተተኮሰ ሰው ናቸው። አንድ ጠባቂ ወታደር አብሯቸው አለ። ስለ ሸራው ማንም አልጠየቀም። ገመዳ ተኳሽን እንዲይዝ ነው የተቀጠረው፤ ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

«ይህ ለምን ተለወጠ?» አሉ ተጠሪው በሩ አጠገብ ካለው ሰሌዳ ፊት ቆመው። «ፎቶግራፉ እንዲህ አልነበረም።»

«የተበሳውን ስጠግን ነው ጓድ።»

ወደ ግራ ሄዱ። ወደ ቀኝ ሄዱ። ትንሽ ራቅ ብለው ዞሩ።

«ለምንድነው እኔን የሚያየኝ?»

«ፊት ለፊት የተሣለ ሥዕል ሁሉ እንዲህ ነው ጓድ» አልኩ። «ፊቱ የቆመ ሁሉ እኔን አየኝ ይላል።»

«ዓይኑን አጥፋው።»

ፈሪ ነኝ፤ ይህን ብርቄም ታውቃለች። ግን እጄ አልታዘዘልኝም። «የተላክሁት ዓይኑን ልሠራ ነው ጓድ» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ተጠሪው ከወታደሩ ወገብ ሳንጃውን መዘዙ። ያልደረቀው ቀለም አላስቸገራቸውም። አንዱን ፋቁት፣ ቀጥለው ሌላውን፤ ነጩ ቀለም ጣታቸው ላይ ቀረ።

ዞር ስል ሰፋሪዎቹ መንገዱ ላይ ቆመዋል። ወደ እርሻ የሚሄዱ ናቸው፤ መቆፈሪያ በትከሻቸው። እታገኝ ከፊት ናት፣ ልጇን አዝላለች። ሁሉንም አይተዋል።

ተጠሪው ወደ መኪናቸው ገቡ። መኪናዋ ትንሽ ሄዳ ጥቁሩ አፈር ውስጥ ሰመጠች፤ ጎማዋ በተሽከረከረ ቁጥር ይብስ ይገባል። ተጠሪው አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

«ኑ ግፉ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ያ ሁሉ ሰው በጭጋጉ ውስጥ ቆሞ ፊቱን ወደ እሳቸው አዙሯል። አይቆጡም፣ አያጉረመርሙም፤ ያያሉ ብቻ። ከኋላቸው በየኩይሳው ላይ ቆርኬዎቹ ተመልሰው ወጥተዋል፤ እነሱም ያያሉ። የቱ ሰው የቱ አውሬ እንደሆነ ለአንድ አፍታ ጠፋኝ።

«እናንተን እኮ ነው!»

«ጌታዬ» አለች እታገኝ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፤ «እኛ እንኳ ሁለት ዓይን ያለውን አልነካንም።»

ተጠሪው ግን አልገባቸውም፤ የገባቸው ማንም እንደማይገፋላቸው ነው። በመጨረሻ ወታደሩ፣ «ጭነቱን ብናራግፍ ትወጣለች ጓድ» አላቸው። ተጠሪው መስኮቱን ዘጉት። ወታደሩ ሸራውን ገልጦ ጭነቱን ሳበ። የቆርኬ ላም ናት፤ ጡቷ ወተት ይዟል፣ ዓይኗ አልተከደነም። በሰፋሪዎቹ ፊት ጭቃው ላይ ወደቀች። መኪናዋ ተንፈስ ብላ ወጣች፤ ሄደች።

ሰዎቹ እዚያው እንደቆሙ አንድ ጥጃ ከሣሩ ወጣ። እናቱን እያሸተተ አጠገቧ ቆመ። ያ ጦር የያዘው ጎልማሳ አጠገቡ ነበር፤ ሁላችንም እጁን አየን። እታገኝ በመሐላቸው አለፈች። ጥጃውን በነጠላዋ ጫፍ እሽ እሽ እያለች፣ ወደ ኩይሳዎቹ ነዳችው፤ መንጋው ሸሸት ብሎ ቆመና ተቀበለው። ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ገመዳ ሌላ ወተት ያላት ላም ካልተቀበለችው አይከርምም አለኝ።

መመለሻ

መኮንን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣልኝ። በቀረችኝ ጠብታ የበሩን ሰሌዳ ዓይኖች እንደገና ሠራኋቸው፤ ትንሽ ደብዘዝ አሉ። ገመዳ ሲሰናበተኝ ሪፖርት ይጻፋል ብሎ ይፈራ ነበር። አልተጻፈም። ስለ ሰሌዳው የሚጻፍ ሁሉ ስለ ሳንጃውና ስለ ሸራው መጻፉ አይቀርም፤ ያን የሚፈልግ አልነበረም። መኮንን በኋላ እንደነገረኝ ገመዳ በሥራው ላይ ነው፤ የእሾህ ክምርም አልተጨመረም። ጥይት ግን እስካሁን አልሰጡትም።

ልደታ የደረስኩት በማግሥቱ ነው። ብርቄ ነጭ ቀለም የገባበትን ጥፍሬን በአኳራጅ እያጸዳች ሁሉንም አስነገረችኝ፤ በዚህ ጊዜ አልሳቀችም። ከጉዞው ምን ተማርክ ብትሉኝ፣ ሰሌዳ አውሬ አይጠብቅም እላለሁ። የሚጠብቀው ሰሌዳውን የሚያየው ሰው ነው። የማስጠንቀቂያ ሥዕል ከመሣል በፊት ደግሞ በሥሩ ውኃ የሚወርደው ማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህን ሳወራ የቀበሌው ሊቀ መንበር ራሱ ቤታችን መጣ። የአብዮት በዓሉ ዝግጅት ተጀምሯል፣ የት ጠፋህ ብሎ ተቆጣኝ። ለአደባባዩ ትልቅ ሰሌዳ ተዘጋጅቷል፤ የአብዮቱ መምህራን ተብለው በየበዓሉ የሚሰቀሉት የሦስቱ ፈረንጅ ጢማሞች ሥዕል በአስቸኳይ ይፈለጋል። ናሙናውን ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ።

«ልክ እንደዚህ» አለኝ። «ምንም እንዳትለውጥ።»

እሱ ከሄደ በኋላ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ሥያቸዋለሁ፤ እንዲህ አይቻቸው ግን አላውቅም። ሦስቱም ፊታቸውን ወደ አንድ ጎን አዙረዋል። ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዓይን።

ብርቄ በትከሻዬ ላይ አየች፤ ቀስ ብላ መስኮቱን ዘጋችው። እንደ ናሙናው አድርጌ ሣልኳቸው። ሰሌዳው በተሰቀለ ማግሥት ወደ ልደታ ማርያም የሚሄዱ አሮጊቶች እዚያ ሲደርሱ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው መንገድ ሲሻገሩ አየሁ። ማንም ምንም አልነገራቸውም።